የትኛውን ሸክላ እንግዛ? ገንዘቡ ላነሰ ሰብሳቢ ከምዕራብ ጎጃም የቀረበ አስተያየት

1. የጽሑፉ ዓላማ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ የሚፈልግ፣ ነገር ግን ኪሱ የማይፈቅድለት ሰው፣ ባለችው ጥቂት ገንዘብ የትኛውን ገዝቶ የትኛውን ቢተው ይሻለዋል? ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሸክላ ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ወይም በመንገድ የሚጠፋ ዕውቀት ስላለ፣ የሰብሳቢው ምርጫ ነገ ሊሰማ የሚችለውን ዜማ በከፊል ይወስናል። ስለዚህ ጉዳዩ ለተማሪም ሆነ ለመምህር መነጋገሪያ ሊሆን ይገባዋል ብለን እናምናለን።

የምንናገረው ስለ ምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም ስለ ፍኖተ ሰላምና ስለ ቡሬ፣ በዙሪያቸውም ስላለው ገጠር ነው። ሰብሳቢያችን በዚያ የሚኖር ተማሪ ወይም በወር ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ነው እንበል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ መርካቶ ሊመላለስ አይችልም፤ በውጭ አገር ገበያ በዶላር ሊገዛም አቅም የለውም። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳባችንን አስቀድመን እንግለጽ። ዛሬ ሰብሳቢዎች «ሳይገዙ የማይታለፉ» እያሉ የሚደረድሩት የሸክላ ዝርዝር ከሙዚቃው ታሪክ ይልቅ የገበያውን ታሪክ ያሳያል። ገንዘቡ ያነሰ ሰብሳቢ ይህን ዝርዝር ተከትሎ ቢሮጥ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀራል። ዝርዝሩን ትቶ ሌላ ሚዛን ቢይዝ ግን ከባለጸጋው የሚበልጥበት ቦታ አለው። ያ ሚዛን ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

2. ሸክላው እንዴት መጣ?

በኢትዮጵያውያን ሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ተብለው የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 ጀምሮ በጀርመን አገር የተቀረጹላቸው ዘፈኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሸክላ የጥቂቶች ዕቃ ሆኖ ቈየ። በ1948 የወጣ ትእዛዝም ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ይህን አጥር የጣሰው በሙዚቃ መደብር ንግድ የተሰማራው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳትሞ አወጣ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቆችን ለገበያ አቀረበ። የካይፋ ሸክላ ቤትና የፊሊፕስ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍም በዚያው ዘመን አሳታሚዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ እነዚህ ሸክላዎች የሚታተሙት በውጭ አገር ፋብሪካዎች ነበር፤ ድምፁ አዲስ አበባ ላይ ተቀርጾ ወደ ህንድ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ሌሎች አገሮች ይላክና ታትሞ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ጊዜው አጭር ነበር። በ1974 አብዮት መጣ፤ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ ዘጋው፤ አምሃ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ካሴት የሸክላን ቦታ ጠቅልሎ ያዘ። ስለዚህ በእጅ ያለው የሸክላ ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረው ይሰበራል፣ ይጫራል፣ ይጠፋል እንጂ አይጨምርም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በደጀንና በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ጎዳና ጨውና አቡጀዲ ብቻ አልነበረም የሚያመላልሰው። ሸክላውም በዚሁ መንገድ መጣ። ቡሬ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት የነጋዴ መገናኛ ናት፤ ፍኖተ ሰላምም የአውራጃው አስተዳደርና የትምህርት ቤት ከተማ ነበረች። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ሸክላ የሚገኘው በቡና ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ በመምህርና በመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነበር። ገጠሬው ሰውም በገበያ ቀን መጥቶ በበሩ ቆሞ ያደምጣል። ይህ ነገር ለክርክራችን መሠረት ስለ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

3. ዋጋን የሚሠራው ማን ነው?

የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ ቤት በ1975 ወጣ። በ1986 አንድ የቤልጂግ አሳታሚ ይህንኑ ሥራ ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበው። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በፈረንሳዊው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ እትም በፓሪስ መውጣት ጀመረ። የዚህ ተከታታይ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው፤ በ2005 አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ስለ ተጠቀመ ዝናው በብዙ አገር ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው እትም ሸክላ በውጭ ገበያ በመቶዎች ዶላር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ መሸጥ ያዘ። ሙላቱ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተመው ትልቅ ሸክላና የዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ጨ በለው» ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሙዚቃ ክብር እንዳመጣለት አንክድም። ፋልሴቶና ተባባሪዎቹ ባይደክሙ ኖሮ ብዙ ዘፈን ተረስቶ ይቀር ነበር። ነገር ግን ዋጋው የሚነግረን ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በውጭ ገበያ እጅግ የሚወደዱትን ሸክላዎች አንድ ባንድ ብንመለከት፣ በብዛት ቃል የሌላቸው፣ ወይም ቃሉ ባይገባ እንኳ የሚያስጨፍሩ፣ ትንፋሽ መሣሪያውና ኦርጋኑ የበረታባቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገዢው አማርኛ አያውቅም። የዘፈኑ ኀይል በግጥሙ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ፣ ሰሙ ከወርቁ የሚለይበትን ስፍራ ሊያገኘው አይችልም። ማሲንቆ ይዞ ሦስት ደቂቃ በአንድ ዜማ ላይ ግጥም የሚያፈራርቅ ዘፋኝ ለእርሱ አንድ ነገር ሲደጋግም የሚውል ሰው ነው።

እንግዲህ ይህን ዋጋ ወደ ጎጃም አምጥተን ስናየው ነገሩ የተገለበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በምዕራብ ጎጃም ቋሪት የሚገኘው ዋሸራ ስሙ ለአንድ የቅኔ ስልት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ትምህርት ቤት ያልገባው ገበሬም ቢሆን በሠርግ፣ በደቦና በለቅሶ ላይ የሚያደንቀው ቃል የሚያሳምረውን ሰው ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰብሳቢ ቃል የሌለውን ሸክላ በውድ ለመግዛት ሲል ቃል ያለውን በርካሽ ትቶ ቢያልፍ፣ ሚዛኑን ከማያውቀው ገበያ ተበድሯል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ ይጨመራል። በ2024 ክረምት ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚተመን ሸክላ ዋጋው ባይጨምር እንኳ ለእኛ ሰብሳቢ በእጥፍ ተወደደበት ማለት ነው። ስለዚህ ውድድሩ አስቀድሞ የተበየነ ነው፤ የሚያስፈልገውም ከውድድሩ መውጣት ነው።

4. ሦስቱ ጥያቄዎች

ሰብሳቢው አንድ ሸክላ በእጁ ሲገባ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ እንላለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ድምፅ ከዚህ ሸክላ ውጭ ይገኛልን?» የሚል ነው። የተሰማ እሸቴ ጥንታዊ ቅጂዎች በ«ኢትዮፒክ» 27ኛ ቅጽ ወጥተዋል። የአስናቀች ወርቁ የክራር ዘፈኖች በ16ኛው፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በ14ኛው፣ የዓለሙ አጋ በገና በ11ኛው ቅጽ ይገኛሉ። «ጨ በለው» በ2014፣ የሙላቱም የ1972 ሥራ በ2017 እንደ ገና ታትመዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም፣ በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላ ብርቅ ቢሆንም፣ በ21ኛው ቅጽና ከዚያ በኋላ በወጡ እትሞች በቀላሉ ይሰማል። እነዚህን ሁሉ መስማትና ማጥናት የሚፈልግ ሰው ዳግመኛ የታተመውን ቢያገኝ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን እትም መያዝ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ለድኻ ሰብሳቢ ይህ ደስታ የአሥር ሌሎች ሸክላዎችን ዋጋ ይበላል።

ይህን ስንል ዳግመኛ እትም ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ትንሹ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ ዘፋኙና አሳታሚው አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ያጣመሩበት ምክንያት ነበራቸው። ዳግመኛው እትም ይህን ጥምረት ይፈታዋል፤ የታወቀውን ገጽ ወስዶ ሁለተኛውን ይተዋል። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባህላዊው ዘፈን፣ ቀስ ያለው ትዝታ፣ ወይም ለገጠሩ አድማጭ ታስቦ የተጨመረው ነው። ስለዚህ ደንቡን በትክክል ስናስቀምጠው፣ የታወቀው ገጽ ዳግመኛ የታተመለት፣ ሁለተኛው ገጽ ግን ያልታተመለት ሸክላ በርካሽ ሲገኝ ቀድሞ መገዛት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ስለዚህ ሸክላ የሚመሰክር ሰው በሕይወት አለን?» የሚል ነው። የክርክራችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። በፓሪስ ወይም በለንደን ያለ ሰብሳቢ ገንዘብ አለው፤ የቡሬው ሰብሳቢ ግን አድማጩ አለው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በየገጠሩም ቀበሌ፣ ሸክላው ሲወጣ ወጣት የነበሩ፣ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባቶችና እናቶች አሉ። የቱ ዘፈን በጠጅ ቤት ተደጋግሞ ይጠየቅ እንደ ነበር፣ የቱ ግጥም ዘፋኙ ከራሱ ያወጣው እንደ ሆነና የቱ ቀድሞ በሠርግ ይባል የነበረ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀረርቶ ስለ ማን እንደ ተባለ ሊናገሩ ይችላሉ። ስለ ፋሺስት ወረራ ዘመን አርበኞች የተባለ ስንኝ ከሆነ ደግሞ ከአባቶቻቸው የሰሙት ሌላ ቃል ይጨምሩበታል። ይህ ምስክርነት በማንኛውም ገበያ አይሸጥም፤ ባለቤቱ ሲያልፍም አብሮ ያልፋል።

የጌታቸው መኩሪያን ሥራ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጌታቸው በገጠር በቃል የሚባለውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው። በ1972 የተቀረጸው ሸክላው በውጭ አገር ሲሰማ «ነጻ ጃዝ» ከሚባለው ጋር ተመሳስሎ ተደንቋል። ነገር ግን ሽለላ ሲሸልል ያየ የጎጃም ሽማግሌ ያንኑ ሸክላ ሲሰማ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ የት ላይ ጋሻ እንደሚነሣ፣ የት ላይ «ዘራፍ» እንደሚባል ያውቃል። ሁለቱ አድማጮች አንድ ሸክላ ቢሰሙም ያገኙት ነገር አንድ አይደለም። ይህን ሸክላ በዳግመኛ እትም በርካሽ ገዝቶ ለሽማግሌው አስደምጦ የተባለውን የጻፈ ተማሪ፣ የመጀመሪያውን እትም በውድ ገዝቶ በመስታወት ሳጥን ካስቀመጠው ሰው ይልቅ ለዕውቀት የሚጠቅም ሥራ ሠርቷል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ይጫወታልን?» የሚል ነው። የሚያሳፍር ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰብሳቢ በስም ተማርኮ ሊሰማ የማይችል ሸክላ ይገዛል። ስለዚህ ጥቂት እንናገር።

5. ስለ ሸክላው አካል

በአገራችን የሚገኘው በብዛት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነው። ትልቁ 33 ጊዜ ከሢሶ ይዞራል። ከእነዚህ በፊት የነበረው ባለ 78 ዙሩ ከሌላ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ቢወድቅ እንደ ገል ይሰበራል፤ መስመሩም ሰፊ ስለ ሆነ የራሱን መርፌ ይፈልጋል። ባለ 78ቱን በትንሹ መርፌ ማጫወት ድምፁን ያበላሻል፤ በአልኮል ማጠብም ሸክላውን ያሟሟዋል። ስለዚህ ለዚህ የሚሆን መርፌ የሌለው ሰብሳቢ ባለ 78 ሸክላ ቢያገኝ ገዝቶ በጥንቃቄ ያስቀምጠው እንጂ አይሞክረው።

ሸክላውን ከመግዛት በፊት ወደ ብርሃን አጋድሞ ማየት ይገባል። በጥፍር ሲነካ የማይሰማ ስስ ጭረት ብዙ ጊዜ የሚያሰማው ጥቂት መንጫጫት ነው። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ግን መርፌውን ያዘልለዋል። መስመሩ ጥቁርነቱን ለቆ አመድማ ከሆነ በአሮጌ መርፌ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህ በማጠብ አይመለስም። የቡና ቤት ሸክላ በዚህ በኩል ብዙ የተጐዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይዞር ስለ ነበር። ከጠርዙ የተጣመመውን በዓይን ደረጃ ከፍ አድርጎ በማየት ማወቅ ይቻላል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ረዥምና እርጥብ ስለ ሆነ በሽፋኑና በሸክላው ላይ ሻጋታ መኖሩ አይቀርም፤ ሻጋታ ግን ስላስጠላ ብቻ ሸክላውን መተው አይገባም፤ በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውሃ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳያርሱ ቢጠርጉት ይለቃል። ካጸዱ በኋላ ደርድሮ ማቆም እንጂ አንዱን ባንዱ ላይ መከመር አይገባም። በተለይ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በሚገኝ ቁም ሣጥን ላይ የተከመረ ሸክላ በበጋው ሙቀት ይጣመማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ግን መርፌ ነው። አንድ የተበላ መርፌ ሃምሳ ሸክላ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢው ለዓመት የመደበውን ገንዘብ ከአራት ቢከፍለው መልካም ነው እንላለን። አንዱን እጅ ለመርፌና ለመጠበቂያ፣ ሁለቱን እጅ በአካባቢው ለሚገኙ ትንንሽ ሸክላዎች፣ የቀረውን አንድ እጅ ለዳግመኛ እትም ያውል። ለዝነኛው የመጀመሪያ እትም የመደብነው ድርሻ የለም። በአጋጣሚ በርካሽ ቢመጣ መልካም ነው፤ እርሱን ብሎ ግን መውጣት አይገባም።

6. ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «ውድ ሸክላ መግዛት ገንዘብ ማስቀመጥ ነው፤ ነገ በበለጠ ይሸጣል» ይላሉ። ይህ ለነጋዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንድ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ሸክላ ላይ ያኖረ ተማሪ፣ ሸክላውን እንዳይጭረው ስለሚፈራ አያጫውተውም፤ የማይጫወት ሸክላ ደግሞ ለጥናት አይሆንም። ከዚህም በላይ በቸገረው ጊዜ የሚገዛው ሰው በፍኖተ ሰላም አያገኝም፤ ወደ ውጭ ገበያ ይልከዋል። በዚህ መንገድ ከአገር የወጣው ሸክላ ብዙ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በርካሽ የሚገኘው ርካሽ ስለ ሆነ ነው፤ ዘፋኙ ያልታወቀው ባይረባ ነው» ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው። ክራር ይዘው ብቻቸውን የሚጫወቱት አስናቀች ወርቁና ካሣ ተሰማ በውጭ አገር ዳግመኛ የታተመላቸው ከትንፋሽ ባንዶቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የማይረቡ ነበሩ ማለት አይቻልም። የዘገየው የአድማጩ ጆሮ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ እኛም ግማሹን እንቀበለዋለን። «የጎጃም ገጠር ሙዚቃ በሸክላ ላይ የለም፤ ስለዚህ ሸክላ መሰብሰብ ለጎጃም ጥናት አይረባም» ይላል። በእርግጥ የሸክላ ቀረጻ የአዲስ አበባ ሥራ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ የሚያርፈው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚያመሽ የሠርግ ዘፈን፣ የወንፈል ሥራ ላይ የሚባለው ቅብብል፣ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ሲነቅሉ የሚሉት፣ የአልቃሽ ሙሾ በዚህ ልክ አይቆረጥም። ከጎጃም ተነሥተው የታወቁት እንደ ይሁኔ በላይና እንደ ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያንም ስማቸው የገነነው በካሴት ዘመን ነው። ስለዚህ የሸክላ መደርደሪያውን የጎጃም ሙዚቃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይሳሳታል፤ ሰብሳቢውም ካሴትን መናቅ የለበትም። የካሴት ክር ከሸክላ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበላሽ በአንድ በኩል ይልቁን የሚያስቸኩለው እርሱ ነው።

የቀረውን ግማሽ ግን አንቀበልም። በሸክላው ላይ ባይቀረጹም የጎጃም ገጠር ሰዎች ሸክላውን ሰምተዋል። በገበያ ቀን በቡና ቤቱ በር የቆመው ሰው የሰማውን ዜማ ወደ መንደሩ ይዞ ሄዶ በራሱ ቃል ዘፍኖታል፤ በመንደር ይባል የነበረው ስንኝም በአዝማሪ አፍ ወደ ከተማ ሄዶ በሸክላ ተመልሷል። ይህን ምልልስ ለማወቅ የሚቻለው ሸክላውንና አድማጩን በአንድ ስፍራ በማገናኘት ብቻ ነው። ለዚህም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተሻለ ቦታ በአውሮፓ ሊገኝ አይችልም።

7. መደምደሚያ

ከላይ የተናገርነውን ስናጠቃልለው እንዲህ ይሆናል። ገንዘቡ ያነሰ ሰብሳቢ በመጀመሪያ ሌላ ቦታ የማይሰማውን ይግዛ። ከማይሰማውም መካከል ምስክሩ ገና በሕይወት ያለውን ያስቀድም። ምስክር ካለውም መካከል የሚጫወተውን ይምረጥ። ዋጋ አራተኛ ይምጣ። ይህ ደንብ ቢጠበቅ የታወቀው ዘፋኝ ታዋቂ ሥራ ወደ ታች ይወርዳል፤ በማሲንቆና በክራር የተዘፈነው፣ ስሙ ያልገነነ ዘፋኝ ትንሽ ሸክላ፣ የዝነኛውም ዘፋኝ ሁለተኛ ገጽ ወደ ላይ ይወጣል።

እያንዳንዱ ሸክላ ሲገዛ አንድ ካርድ እንዲጻፍለት እናሳስባለን። በካርዱ ላይ የአሳታሚው ስም፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥርና በመሐሉ ባዶ ክብ ላይ የተጫረው ቍጥር፣ የሁለቱም ገጾች ዘፈን፣ የዘፋኙና ስሙ ከተገኘ የባንዱ ስም፣ ሸክላው ከየት ከተማና ከምን ዓይነት ቤት እንደ ተገኘ፣ የደረሰበትም ጕዳት ይመዝገብ። በጀርባው ደግሞ ያደመጠው ሽማግሌ የተናገረው ቃል ከነቀኑ ይጻፍ፤ ፈቃዱ ካልሆነ ስሙ ይቅር። ካርድ የሌለው መቶ ሸክላ ከሚሰበሰብ፣ ካርድ ያለው ሃያ ቢሰበሰብ ይበልጣል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ዛሬ በየቤቱ በአልጋ ሥር በካርቶን ያለውን ሸክላ ቁራሌው ከአሮጌ ብረትና ከጠርሙስ ጋር ይወስደዋል፤ ልዋጭ የሚለው ነጋዴም በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ይለውጠዋል። ስለ ሸክላው የሚመሰክሩት ሰዎችም ዓመት በዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። ስለሆነም በመጪው ዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ብቻ ሳይሆን ከደምበጫ፣ ከጅጋና ከማንኩሳ የሚመጡትም፣ በቤታቸውና በጎረቤታቸው ያለውን ሸክላ ቈጥረው ሁለቱንም ገጽ መዝግበው እንዲመጡ እንለምናለን። መምህራኖቻችንም ለካርዱ የሚሆን አንድ መሳቢያ በቤተ መጻሕፍቱ ቢሰጡን ሥራው ሊጀመር ይችላል።